ሰርዶ በሚስተር ሃልቮር እጅ

የሚስተር ሃልቮርን የሥራ ታሪክ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ኖርዌይ ድረስ መድከም የለበትም። አዳማ ከተማ፣ ከፍርድ ቤቱ ማዶ፣ በፎቶ ኮፒ ቤትና በሞባይል ጥገና መሐል የተጣበቀች አንዲት የጽሕፈትና የትርጉም ቤት አለች። እዚያ ኮምፒውተር ፊት ቁጭ ብላ የሰው ማመልከቻ የምትጽፈው ሑስና ሆራ ሰውዬውን ከወለደችው እናቱ ባልተናነሰ ታውቀዋለች። በስንት ዓመቱ ምን ተብሎ እንደተሾመ፣ ሲጨንቀው የትኛውን ጆሮውን እንደሚያሽ፣ አዋዜ ሲቀምስ ግንባሩ እንዴት እንደሚረጥብ ጠንቅቃ ታውቃለች። ደንበኞቿ ግን ይህን ከአፏ ሰምተው አያውቁም። የእሱ ታሪክ ከተነሳ የራሷም መነሳቱ አይቀርምና ዝም ማለቱን ትመርጣለች። እኛ ግን ዝም የምንልበት ምክንያት የለንም።

ሑስና የተወለደችው ከአዳሚ ቱሉ ወደ ዝዋይ ሐይቅ በሚያወርደው መንገድ ዳር ካለች መንደር ነው። አባቷ ሆራ እሷ ስምንተኛ ክፍል ሳለች ሞቱ። ከዚያ በኋላ እሷንና አራት ላሞችን ያሳደጉት እናቷ ቡዜ ናቸው፤ አገሩ በአክብሮት አዴ ቡዜ ይላቸዋል። አዴ ቡዜ ቁመታቸው አጭር፣ ንግግራቸው ከቁመታቸው ያጠረ ሴት ናቸው። ሲንቄ የተነሳ እንደሆነ ግን ከሁሉ ፊት የሚሄዱት እሳቸው ናቸው።

ሲንቄ የአርሲ እናት ልጇን ስትድር የምትሰጣት ቀጭን፣ ቀጥ ያለ በትር ነው። ከብት አይነዳበትም፣ ሰው አይመታበትም። ሴት፣ ይልቁንም አራስ፣ የተበደለች እንደሆነ ግን ያገቡት ሴቶች በሙሉ በትራቸውን ይዘው ከቤት ይወጣሉ። እሳት አይነድም፤ ላም አትታለብም፤ ልጅ ቢያለቅስ አባቱ ይወቅ። በዳዩ እርጥብ ሰርዶ በእጁ ይዞ፣ ጊደር አስጎትቶ፣ በገዛ እግሩ መጥቶ እስኪለምናቸው ድረስ ከዛፍ ሥር አይነሱም። ሰርዶ ይዞ የመጣን ሰው ደግሞ አይመልሱም። ይህን ሁሉም ስለሚያውቅ ሣር የያዘ ሰው አይዋሽም። ሣር ይዞ የዋሸ ሰው ምን እንደሚሆን የሚናገር ተረት እንኳ የለም፤ ዋሽቶ የያዘ ሰው ታይቶ አያውቅምና።

ሑስና አዳማ ኮሌጅ ገብታ እንግሊዝኛ ተማረች። ከአራት ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ የአዳማን አማርኛ ከነአራዳነቱ ለምዳ፣ ዲፕሎማዋን ይዛ ወጣች። ከዚያ ዲፕሎማ እንደያዘ ሰው ሁሉ አንድ ዓመት ሙሉ ማስታወቂያ ሰሌዳ ስታነብ ከረመች። በሁለት ሺህ ዘጠኝ ዓ.ም. የኖርዌይ ሰዎች ያቋቋሙት የእንጆሪ እርሻ በገዛ መንደሯ ዳር፣ በሐይቁ አፍ ላይ ተከለ። አስተርጓሚ ይፈልጋሉ ተባለና ሄደች።

የፈተናት ሰው ሃልቮር ነበር። ያኔ የእርሻው ሥራ አስኪያጅ ብቻ ነው፤ ዕድሜው ሠላሳ ስምንት፣ አንገቱ በፀሐይ የቀላ፣ ቁመቱ በር ሲገባ ጎንበስ የሚያሰኘው። ስለ እንግሊዝኛዋ አልጠየቃትም።

«እዚህ አገር ሰው እንቢ ሲል ምን ይላል?» አላት።

«እንቢ አይልም» አለች ሑስና። «ኢንሻላህ ይላል፤ ወይ ደግሞ እናያለን ይላል።»

ሳቀና ያንኑ ቀን ቀጠራት። ከኪሱ ጥቁር ማስታወሻ ደብተር አውጥቶ የነገረችውን ሲጽፍ አየችው።

መጥፎ ሰው ነበር ብንል ታሪኩ በቀለለን። አልነበረም። ለቅሶ ይደርሳል፤ ሠርግ ይሄዳል፤ ገንፎውን በጣቱ እየቆረሰ ቅቤ ያጠቅሳል። ጠዋት ጠዋት ከጥበቃ እስከ ለቃሚዎች ድረስ «አከም ቡልተን»፣ እንዴት አደራችሁ፣ እያለ ያልፋል፤ ለቃሚዎቹ ከኋላው በአነጋገሩ እየሳቁ ይወዱታል። ከሁሉ በላይ ይጠይቃል። ይህቺ ሴት ለምን ራሷን ሸፈነች? ሽማግሌው ከመናገሩ በፊት ለምን ዝም አለ? ወተት ለምን አይሸጡልንም? ሑስና ትመልሳለች፤ እሱ ይጽፋል። አባቷ ከብት እንድትቆጥር፣ አስተማሪዎቿ ሰዋስው እንድትሸመድድ ጠይቀዋታል እንጂ ከዚያ በፊት የምታውቀውን ነገር የጠየቃት ሰው አልነበረም። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ሳታስበው ያጠራቀመችው እውቀት አንድ የፈረንጅ ሥራ አስኪያጅ እስክርቢቶ የሚያነሳለት ነገር መሆኑን ስታይ ደስ አላት። ደስታዋን አንፈርድባትም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለሁላችንም ነው።

«አንድ ቀን የማኅበረሰብ ክፍሉ ኃላፊ አንቺ ነሽ» ይላት ነበር። «እኔ ወደ ላይ ስወጣ አንቺም ትወጫለሽ።»

እርሻው ሲተከል ከመንደሩ ወደ ሐይቁ የሚወርድ የከብት መንገድ በእንጆሪው መሐል ቀርቶ ነበር። ወርዱ አርባ እርምጃ ነው። ላሞች ጠዋትና ማታ በዚያ ይወርዳሉ፤ ሴቶችም ጄሪካናቸውን ይዘው ይከተላሉ። በሁለት ሺህ አሥራ አንድ የካቲት መጨረሻ ላይ ግን በመንገዱ አፍ ላይ እሾሃማ ሽቦ ተዘረጋ። ለምን ሲባል ለጊዜው ነው፣ የውሃ ቱቦ ሊቀበር ነው ተባለ። ቢሊሴ የምትባል አርባ ቀኗ ያልሞላ አራስ በሽቦው ሥር ሾልካ ውሃ ልትቀዳ ስትሞክር አንድ ጥበቃ ገፈተራት። ጄሪካኗ ተፈረካከሰ፤ እሷም በክርኗ ወደቀች።

በመጋቢት አንድ ጠዋት አዴ ቡዜ ሲንቄያቸውን ይዘው ከቤት ወጡ። ፀሐይ ሳይበረታ ከስድሳ የማያንሱ ሴቶች ከእርሻው በር ፊት ለፊት ካለው ግራር ሥር ተቀምጠዋል። ድንጋይ አልወረወሩም፤ አልጮኹም። በሩን የዘጋውም ሰው አልነበረም፤ ግን አንድም መኪና አልወጣም። የእርሻው ሾፌሮች ከሞጆ ደረቅ ወደብ ካርቶን ሲያመላልሱ ዓመት የከረሙ የአካባቢው ልጆች ናቸው። ሲንቄ ይዘው የተቀመጡ እናቶችን በመኪና አልፎ የሚሄድ ሾፌር ከመሐላቸው አልተገኘም። የተለቀመው እንጆሪ በማቀዝቀዣው ውስጥ፣ ያልተለቀመው በመደቡ ላይ መበስበስ ጀመረ።

ከኖርዌይ በየሰዓቱ ይደወላል። የወረዳው ሰዎች መጥተው አዩና ይህስ የሽማግሌ ነገር ነው ብለው ተመለሱ። ሽማግሌዎቹ ደግሞ የሴቶች ነገር ነው አሉ። ሃልቮር ቢሮው ውስጥ ግራ ጆሮውን እያሸ ተንጎራደደ።

«ሑስና፣ ምንድን ነው የሚፈልጉት?»

«እርስዎን» አለችው።

«እኔን ምን ያደርጉኛል?»

«ምንም አያደርጉዎትም። ሄደው እንዲለምኗቸው ነው የሚፈልጉት።»

ከቢሮው ደጅ ካለው ቦይ ዳር ሰርዶ ነቅላ አመጣችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። መጋቢት ሦስት ቀን ነበር። ከሣሩ ሥር አንድ ትልቅ ካርታ ተዘርግቶ ነበር፤ እርጥበቱ እንዳያበላሸው ሃልቮር በችኮላ ጠቅልሎ ወደ ጎን አደረገው። ሑስና አየችው፤ ምን እንደሆነ አልጠየቀችም። የእሷ ልብ ሣሩ ላይ ነበር።

«በሁለት እጅዎ ይያዙት። ከደረትዎ ዝቅ፣ ከሆድዎ ከፍ። እንደ አበባ አይያዙት። መኪና ይዘው አይሂዱ፤ በእግርዎ። ባርኔጣዎን ያውልቁ። እነሱ ሳይናገሩ እርስዎ አይናገሩ፤ ዝም ብለው ይቁሙ፣ ቢረዝምም ይቁሙ። ሲያናግሩዎት አጭር ቃል ነው የሚናገሩት፤ ማብራሪያ አይጨምሩ።»

ሦስት ጊዜ ከበሩ እስከ ጠረጴዛው አስኬደችው። በሦስተኛው አንጀት የሚበላ ሆነ። ቃሉንም በኦሮምኛ አስጠናችው፤ «ላሞች ውሃ እስከጠጡ ድረስ መንገዱ ክፍት ነው» የሚል ነው።

«ይህን ካሉ በኋላ መመለስ የለም» አለችው። «ሣር ይዞ የተሰጠ ቃል አይፈርስም።»

«የፈረሰ እንደሆነስ ምን ይሆናል?»

«ያፈረሰ ሰው የለም።»

ያንንም በጥቁሩ ደብተር ላይ ጻፈው።

በዚያው ቀን ከሰዓት ሑስና ወደ ግራሩ ሄደች። ያላገባች ልጅ ሲንቄ ስለሌላት ከሴቶቹ መሐል አትቀመጥም፤ ከዳር ቆማ እናቷን ጠራች። አዴ ቡዜ ተነስተው መጡ። ለሦስት ቀን በውሃና በበቆሎ ቂጣ የሰነበተ ፊታቸው ጠቁሯል።

«ሃርሜ፣ ነገ ሰውዬው ሣር ይዞ ይመጣል» አለቻቸው።

አዴ ቡዜ ወደ እርሻው በር ተመለከቱ። «ሣር ምን እንደሆነ ያውቃል?»

«ያውቃል። እኔ ነግሬዋለሁ።»

«አንቺ ታምኚዋለሽ?»

«አምነዋለሁ።»

«እንግዲያው እኛም አምነነዋል፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» አሉና ወደ ዛፉ ተመለሱ።

በማግስቱ ሃልቮር እንደተማረው መጣ። እንዲያውም ጨመረበት፤ ከሴቶቹ ፊት ሲደርስ ያ ሁሉ ቁመት ታጠፈና በጉልበቱ አረፈ። ይህን ሑስና አላስተማረችውም። ከመሐላቸው አንዷ አሮጊት ከንፈሯን መጠጠች፤ ቢሊሴ ልጇን አቅፋ አለቀሰች። ቃሉን ተናገረ፤ ኦሮምኛው ተሰባበረ፣ ግን ገባቸው። አዴ ቡዜ ሣሩን ከእጁ ተቀበሉት። አስጎትቶ ያመጣት ጊደር ታረደች፤ ሴቶቹ መረቁት። ሽቦው ከሰዓት በፊት ተነሳ፤ ላሞቹ ወደ ሐይቁ ሲወርዱ ሑስና ከበሩ አጠገብ ቆማ እንባዋን በሻሽዋ ትጠርግ ነበር። ከኋላዋ የድርጅቱ ፎቶ አንሺ ካሜራውን አነጣጥሮ ነበር፤ የሥራ ትጋት መሰላት።

ከዚያ ቀን በኋላ የሚስተር ሃልቮር ነገር በመሰላል ሆነ። የተንበረከከበት ፎቶ አዳማ ባለው ዋና ቢሮ መግቢያ ላይ በትልቁ ተሰቀለ። በዓመቱ የኢትዮጵያ ሥራ ሁሉ ዳይሬክተር ተብሎ አዳማ ገባ፤ ሑስናንም አስከትሎ መጣ። ጠረጴዛ ተሰጣት፤ የኃላፊነቱ ደብዳቤ ግን በኋላ ይደርሳል ተባለ። ሶደሬ ላይ በተደረገው የሠራተኞች ስብሰባ ሃልቮር ከፍል ውሃው ወጥቶ፣ ጸጉሩ ሳይደርቅ፣ ስለ ሰላም አንድ ሰዓት ተናገረ። መጨረሻ ላይ «ይህን ሁሉ ያስተማረችኝ እሷ ናት» ብሎ ወደ ሑስና ጠቆመ። አዳራሹ አጨበጨበ፤ ተነስታ እጅ ነሳች። ያን ምሽት ለእናቷ ደውላ ሁሉንም ነገረቻቸው።

«ላሞቹ ደህና ይወርዳሉ?» ብላ ስትጠይቃቸው፣ «ይወርዳሉ» አሏት። ሌላ ምን ትፈልጋለች?

ሁለት ዓመት ሳይሞላ ናይሮቢ ወሰዱት፣ የምሥራቅ አፍሪካ ኃላፊ ብለው። ቀጥሎ ኦስሎ ጠሩትና የድርጅቱ ሁሉ የበላይ አደረጉት። ከአዳማ ሲሸኙት ሑስናን አቅፏት «አልረሳሽም» አላት። የኃላፊነት ደብዳቤዋን ስታስታውሰው «እናያለን» አለ። እሷን በአገርኛ መመለሱ አሳቃት እንጂ ሌላ ነገር አላሰበችም። ብልህ ናት የምንላት ልጅ አንዳንዴ ይህን ታህል የዋህ ነበረች።

በእሱ ቦታ ይትባረክ የሚባል ወጣት ሥራ አስኪያጅ ከአዲስ አበባ መጣ። ፈጣን፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ሰውን ሁሉ በቁልምጫ የሚጠራ ነው። በሁለት ሺህ አሥራ አምስት ኅዳር አንድ ጥራዝ ወረቀት አምጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ ጣለ።

«ሑስኒዬ፣ ይችን ቶሎ ወደ ኦሮምኛ መልሽልኝ፤ ለአዲሶቹ የመስክ ሠራተኞች ነች። የእርሻው ሁለተኛ ምዕራፍ ሊጀመር ነው፤ የከብት መንገዱ ይዘጋል። እናቶቹ መውጣታቸው አይቀርም፤ እንደ ባለፈው በሦስት ቀን እንጨርሰዋለን።»

የጥራዙ ስም «የማኅበረሰብ ተቃውሞን በሦስት ቀን የመፍቻ መመሪያ» ይላል። ጸሐፊው ሃልቮር ነው።

ሑስና ማንበብ ጀመረች። «ሣሩ በሁለት እጅ፣ ከደረት ዝቅ፣ ከሆድ ከፍ ብሎ ይያዝ። እንደ አበባ አይያዝ።» የገዛ ድምጿን በሰው አገር ቋንቋ ሰማችው። «ተሽከርካሪ አይወሰድ። ባርኔጣ ይውለቅ። ዝምታው ቢረዝምም አይናገሩ።» ከዚያ ደግሞ እሷ ያላለችው ነበር፤ «መንበርከክ ውጤቱን ያፋጥናል። ፎቶ አንሺ ከርቀት ይዘጋጅ። ሴቶቹ ሣር የያዘን ሰው በባህላቸው ስለማይመልሱ ይህ ዘዴ ከሽፎ አያውቅም።» በመጨረሻው ገጽ ላይ አንድ መስመር አለ፤ «የሚሰጠው ቃል በጽሑፍ ስላልሆነ ድርጅቱን በሕግ አያስገድድም።»

ከጀርባው ካርታ ተያይዟል። በካርታው ላይ የሁለተኛው ምዕራፍ መደቦች የከብት መንገዱን ውጠውታል። ከሥሩ የሃልቮር ፊርማ አለ፤ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር አሰላችው። መጋቢት ሁለት፣ ሁለት ሺህ አሥራ አንድ። እናቷ በውሃና በቂጣ ከግራሩ ሥር የተቀመጡበት ሁለተኛ ቀን ነው። እሷ በማግስቱ ሰርዶውን ያኖረችው በዚህ ካርታ ላይ ነበር።

ብዙ ሰው ሲከዳ ይናደዳል። ሑስና መጀመሪያ የተሰማት ግን እፍረት ነው። ሰው ሳያያት ወደ መጸዳጃ ቤት ገብታ በሩን ቆለፈች። ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል፤ ደጁን ከፍታ፣ መጥረቢያውን ስላ የሰጠች እሷው ነበረች።

ለሃልቮር ደወለችለት። የበላይ አለቃ ቢሆንም ቁጥሩን አልቀየረም፤ ወዲያው አነሳ።

«ሑስና! ድምፅሽን ስሰማ እንዴት ደስ አለኝ። እናትሽ እንዴት ናቸው?»

«የካርታውን ቀን አየሁት» አለችው። «ቃሉን ከመስጠትዎ ሁለት ቀን በፊት ፈርመውበታል።»

ከሩቅ አገር የጆሮውን መታሸት የሰማች መሰላት።

«የቦርዱ ዕቅድ ነበር፤ የኔ አልነበረም። ሊቀየር ይችላል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። ያን ቀን ከእናቶቹ ፊት ስንበረከክ እመኚኝ፣ ከልቤ ነበር።»

«ሲፈርሙስ?»

«እሱ ሥራዬ ነበር።» ቀጥሎ ድምፁን አለሰለሰው። «ያ ቀን በሥራ ዘመኔ ሁሉ የምኮራበት ቀን ነው፤ በአንቺ የመጣ ነው። የድጋፍ ደብዳቤ ብትፈልጊ ጥሩ አድርጌ እጽፍልሻለሁ።»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ሃልቮር ግን መርሳትም አላስፈለገውም፤ መውጋቱን መች ያውቅና። ሑስና ስልኩን ዘጋችው። ጥራዙን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ለይትባረክ «አልተረጉምም» አለችው። እሱም ችግር የለም፣ ሌላ ሰው እናገኛለን አላት፤ አገኘም። እሷም በሳምንቱ መልቀቂያዋን አስገባች።

ታዲያ ያኔውኑ ወደ እናቷ መሮጥ ነበረባት። አልሮጠችም። ዛሬ እሄዳለሁ፣ ነገ እሄዳለሁ ስትል ሁለት ሳምንት አሳለፈች፤ አዴ ቡዜ ሲደውሉ ስልኩ እስኪያቆም ድረስ ታየዋለች። ምን ብላ ትጀምረዋለች? አንቺ ካመንሽው አምነነዋል ያሏት ሰው ናቸው። በዚህ መሐል ሽቦው እንደገና ተዘረጋ፤ በዚህኛው ጊዜ ለጊዜው ነው ያለም የለም። ሴቶቹ ሲንቄያቸውን ይዘው ወጡ። ለሑስና የነገራት አልነበረም፤ ወሬውን የሰማችው አዳማ መናኸሪያ ከባቱ የመጣ ሾፌር ሲያወራ ነው።

«ትናንት አዲሱ አለቃቸው ሣር ይዞ ተንበርክኮ ነበር አሉ» አለ ሾፌሩ ለጓደኛው። «እናቶቹ ጀርባቸውን አዞሩበት። ሣር ተመለሰ፣ ገባህ? አያቴ ሰማንያ ዓመት ኖሮ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ አያውቅም።»

በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፈረች። ሞጆን፣ መቂን፣ ባቱን አልፋ አዳሚ ቱሉ ስትወርድ ቀትር ሆኗል። ከእርሻው በር የጭነት መኪናዎች ይወጣሉ፤ ሾፌሮቹ ከሩቅ አገር የመጡ፣ የግራሩን ጥላ ቀና ብለው የማያዩ ናቸው። ሑስና ከቦይ ዳር ጎንበስ ብላ ሰርዶ ነቀለች። ከዚህ ሌላ እንዴት ይቅርታ እንደሚጠየቅ የሚያውቅ ሰው በዚያ አገር የለም። ጫማዋን አውልቃ በባዶ እግሯ ሄደች።

ሴቶቹ ሲያዩዋት ማንም አልተናገረም። እሷም አልተናገረችም፤ ቆመች። ፀሐዩ አናቷን ሲጠብሳት፣ ላቡ በጀርባዋ ሲወርድ ቆመች። በመጨረሻ አዴ ቡዜ በሲንቄያቸው ተደግፈው ተነሱና ወደ እሷ መጡ።

«ቦርሳሽ ውስጥ ያለው ወረቀት ምንድን ነው?» አሏት፤ ጫፉ ወጥቶ ነበር።

አወጣችውና አነበበችላቸው። እያንዳንዱን መስመር ወደ ኦሮምኛ መለሰችው፤ ይትባረክ ትተርጉመው ያለውን፣ እሷ አልተረጉምም ያለችውን። አያያዙን፣ አረማመዱን፣ ዝምታውን፣ መንበርከኩን አነበበች። በሕግ አያስገድድም የሚለውንም ሳትዘል አነበበች። የካርታውንም ቀን ነገረቻቸው። ቢሊሴ ከመሐል፣ ያኔ በአራስነቷ ያቀፈቻትን ልጅ በጎኗ ይዛ፣ «ይህን ሁሉ ማን ነገረው?» ብላ ጠየቀች።

«እኔ» አለች ሑስና። «እኔ ነኝ የነገርኩት። የታመመ የሚጠይቅ፣ ለቅሶ የሚደርስ ሰው ነበር፤ አመንኩት። አላወቅሁም ነበር።»

ወረቀቱን መሬት ላይ አድርጋ ሰርዶውን በሁለት እጇ ወደ እናቷ ዘረጋች። «ሃርሜ፣ ይቅር በይኝ። ሁላችሁም ይቅር በሉኝ።»

አዴ ቡዜ አልተቀበሉም፤ ጀርባቸውንም አላዞሩም። የልጃቸውን ፊት ሳይሆን እጇን ረጅም ጊዜ አዩት፤ ከደረቷ ዝቅ፣ ከሆድዋ ከፍ ያለውን፣ ጣቶቿ እንዴት እንደተጣመሩ። ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«እሱም ልክ እንደዚህ ነበር የያዘው» አሏት።

ከዚያ ወደ ዛፉ ተመልሰው ተቀመጡ። ሑስና እጇን ዝቅ አደረገችው፣ ከፍ አደረገችው፣ በአንድ እጇም ያዘችው። ሣሩን በሌላ በምን ዓይነት መንገድ እንደሚይዙት አታውቅም ነበር።